ሳይጠሩት አቤት የምትል መኪና

አባቴ ፍሪሲዮን የሌለውን መኪና መኪና ብለው አያውቁም። ዕድሜያቸውን በአሰብ መስመር ከባድ መኪና ከነተሳቢው ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳን በእግራቸው ዳገት ሲወጡ ቀኝ እጃቸው ሳይታወቃቸው ማርሽ ይቀንሳል። እኔ ደግሞ መርሳ ላይ ፍራፍሬ እነግዳለሁ፤ ከግራና መንደር ማንጎና ብርቱካን እየጫንኩ ወልድያ አደርሳለሁ። ምላሷ አያርፍም ይሉኛል። ማን ወልዶኝ ነው ታዲያ?

ያቺን መኪና የገዛኋት ጦርነቱ ሳይመጣ ነው። ከዱባይ የመጣች፣ ያገለገለች፣ ከፍ ያለች፣ አውቶማቲክ። ሻጩ "ፎር ባይ ፎር ናት" ብሎ ምሎልኛል። አባቴ ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን መሬት ላይ አነጠፉና ከሥሯ ገቡ። ብዙ ቆዩ። እግራቸው ብቻ እየታየ "እህም" ሲሉ ይሰማኛል።

"የፊት እግሮቿ ይሠራሉ" አሉ ሲወጡ፣ ልክ እንደ ወጌሻ። "ወደ ኋላ የሚሄድ ዘንግም አላት። ግን ማስገቢያ ማርሹ የታለ?"

"ማስገቢያ ማርሽ የላትም አባዬ። የፊቶቹ ሲንሸራተቱ ራሷ የኋላዎቹን ትጠራለች።"

"እስኪንሸራተቱ ድረስስ የኋላዎቹ ምን ይሠራሉ?"

"ዝም ብለው ይከተላሉ።"

"እንዲህ በይኛ! ሁለቱ ሲሠሩ ሁለቱ ይጦራሉ" አሉና ጋቢያቸውን አራገፉ። "ሥራ ፈት እግር ያለው መኪና ገዝተሽ መጣሽ።"

እሱስ ባልከፋ። የባሰው የመጣው በክረምት ነው። ከሲሪንቃ ወደ መርሳ እየተመለስን ዝናቡ አስፋልቱን አርሶታል፤ እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ጥምዙ ላይ ፈጥኜ ገባሁ። የኋላዋ ሸርተት ብሎ ወደ ገደሉ ዞረ። ፍሬን ሳልነካ ግን ከእግሬ ሥር "ትር ትር ትር" የሚል ነገር ተሰማኝ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የምትንሸራተት የመኪና ሥዕል ብልጭ ድርግም አለች። መኪናዋ ራሷ የአንዱን የፊት ጎማ ፍሬን ብቻ ይዛ፣ የሞተሩን ጉልበት ቀንሳ፣ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ መለሰች። ከመንገድ ሳንወጣ ቀረን።

"ማነው ፍሬን የያዘው?" አሉ አባቴ።

"እሷ ናት።"

"ሳታዢያት?"

"ሳላዛት።"

"አውርጂኝ።"

እውነታቸውን ነው፤ ወረዱ። "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ዛሬ ሳታስፈቅድ ፍሬን የያዘች ነገ ሳታስፈቅድ ትሄዳለች" እያሉ በዝናብ ወደ መርሳ በእግር ተነሱ። እኔ ከጎናቸው እያዘገምኩ በመስኮት እለምናቸዋለሁ። ከሲሪንቃ የሚወርድ ሁሉ ልጅ አባቷን ከቤት ያባረረች መስሎት ሲያየኝ፣ አፈርኩም ተናደድኩም።

የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ በዓረብኛ ነበር። እኔ ዓረብኛ የት አውቄ! የእናቴ ወንድም ግን ግራና ላይ ልጆች ቁርኣን የሚያስቀሩ ሼህ ናቸው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ አባቴን ስታገባ ነው የተጠመቀችው፤ ወሎ ላይ ከሁለቱም ወገን ዘመድ የሌለው ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አጎቴ ከማንጎ ዛፋቸው ሥር ከአባቴ ጎን ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ "ቢስሚላህ" ብለው ልክ ኪታብ በሚያስቀሩበት ዜማ የመኪናውን መመሪያ ይቀሩልኝ፣ ይተረጉሙልኝ ጀመር።

"ይህ ቁልፍ የጽናት ሥርዓት ነው ይላል" አሉ። "ብትጫኚው ጽናት ይጠፋል። አስተግፊሩላህ! ምን በወጣን እንጫነዋለን?"

ገጹን ገለጡ። "ቆይ። ጭቃና አሸዋ ውስጥ ከገባችሁ አጥፉት ይላል። ጽናቱ ጎማው በከንቱ እንዳይዞር ሞተሩን ስለሚይዘው፣ ጭቃ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ካልዞረ አይወጣም።" አሰብ አደረጉና "ልክ ነው ወላሂ። ጭቃ ውስጥ የገባ ሰው መንፈራገጥም አለበት" አሉ።

ስለ ኋላ ጎማዎቹ "ሲጠየቁ ይመጣሉ" የሚል ሲያገኙ ደግሞ ፊታቸው በራ። "ይኸው! እንደ ቅሬ ናቸው በለኛ!" አሉ ወደ አባቴ ዞረው። ቅሬ የምንለው የቀብር ማኅበራችንን ነው፤ ችግር ሲደርስ ጥሪ ይነገራል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል።

"ቅሬ የሚጠራው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው" አሉ አባቴ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መኪና የተባለ ነገር ሁሉ በታጣቂዎች እየተወሰደ ነው ተባለ። ባለቤቴ ለሥራ አዲስ አበባ እንደሄደ መንገድ ተዘግቶበት ስለቀረ፣ እኔና አባቴ መኪናዋን ይዘን ግራና አጎቴ ዘንድ ሸሸን። ማንጎው መሐል አስገብተን፣ አራቱን ጎማ ፈትተን፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጠን፣ የከረመ የማሽላ አገዳ ቆለልንባት። ዘዴው የአባቴ ነው። "ያለ ጎማ ማንም አይወስዳትም። ጎማዎቹን ደግሞ አንድ ቤት ካስቀመጥሽ አንድ ወሬኛ ይበቃል። አምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለአምሳ ሰው ጌጡ ነው" አሉ። ስለዚህ ለየቤቱ አደራ ሰጠን። አንዱን አጎቴ የእህል ጉድጓዳቸው ውስጥ ከተቱት። አንዱን እዚያው ያሉት የክርስትና አባቴ ጓሯቸው አስቀመጡት። አንዱን አንዲት የአጎቴ ጎረቤት ወሰደች። አራተኛውን አባቴ ራሳቸው እያንከባለሉ መንደሩ ዳር፣ ድሮ ረዳታቸው የነበረ ሰው ቤት አደረሱት።

በዚያ ሁሉ ወራት የፈራነው ለመኪናዋ ነበር። የታመሙት ግን አባቴ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ኪኒናቸው አለቀ፣ ጤና ጣቢያው ተዘጋ። ቀኝ እግራቸውን ጫማ ላጥ አደረጋቸው። እዚህ ግባ የማትባል ቁስል ነበረች። ቆየችና አመረቀዘች፤ ቀጥሎ ሁለቱ ጣቶች ጠቆሩ። "ይሻለዋል" ይላሉ። ነጠላ ይጠመጥሙበታል። ታጣቂዎቹ አካባቢውን ለቀው ከሄዱ በኋላ ወልድያ ሆስፒታል ሐኪሞች ተመልሰዋል፣ መድኃኒትም ገብቷል የሚል ወሬ ደረሰን። አውቶብስ ግን አልተጀመረም፤ ነዳጅ የለም። አጎቴ እግሩን ፈትተው አዩትና ወደ ውጭ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይህ እግር ዛሬ ሐኪም ካላየው ሰውዬውን ይዞት ይሄዳል" አሉኝ።

ጊዜ አልነበረኝም። የቀበርኳትን አንድ ጀሪካን ቤንዚን አወጣሁ፣ አገዳውን በታተንኩ፣ ጎማ ልሰበስብ ሮጥኩ። የአጎቴ ጎማ ጤፍ ለብሶ ወጣ። የክርስትና አባቴ ጎማ ውስጥ ዶሮ ታቅፋለች፤ ላነሳት ስል ነከሰችኝ። ያቺ ጎረቤት ደግሞ "ከሚታወቅብኝ ብዬ" አፈር ሞልታ ጤና አዳም ተክላበታለች! ነቅላ ሰጠችኝ፤ እቅፍ ሙሉ ጤና አዳም ጨምራ።

"አራተኛው?" አልኳቸው አባቴን።

"ወስደውታል" አሉ ግድግዳ ግድግዳ እያዩ። "እንግዲህ ምን ይደረጋል። ቀርቷል፤ ተይው።"

"እንዴት ነው የምተወው! እግርዎን አያዩትም?"

"በሦስት ጎማ አይኬድ።"

ወግድ! ተስፋ የምቆርጥ መስሏቸው ነው። የክርስትና አባቴ ሞተሯ የወረደ ትንሽ የቤት መኪና ጓሯቸው ቆማ ነበር። አንዱን ጎማ ፈትተው ሰጡኝ። ብሎኑ ገጠመ፤ ቁመቱ ግን አጠር ይላል። አባቴ አይተው "ያልተካከለ ጎማ መኪና ያሳብዳል" አሉ። እኔ የሹፌርነት ኩራታቸው መስሎኝ ሳልሰማ ከፊት በግራ በኩል አሰርኩት። አባቴን ከፊት፣ አጎቴን ከነመጽሐፋቸው ከኋላ ጫንኩና ተነሳሁ።

እስከ መርሳ ያለው ኮረኮንች ምንም አላለን። አስፋልት ስንወጣ ግን ጉድ ፈላ። አጭር ጎማ እኩል መንገድ ለመሄድ ከሌሎቹ ቶሎ ቶሎ መዞር አለበት፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ አንድ ጎማ ከሌሎቹ ፈጥኖ ሲዞር ካየ "ተንሸራተተ!" ነው የሚለው። በዚያ ደረቅ ፀሐይ፣ በዚያ ደረቅ አስፋልት፣ መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ያለች መሰላት። ጎማውን በፍሬን ትይዘዋለች፣ ሞተሩን ታፍነዋለች፣ የኋላዎቹን ትጠራለች፤ የተጠሩትም መጥተው ከፊቶቹ ጋር ይጓተታሉ። ትር ትር ትር! መብራቷ አላቋረጠም። መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ስረግጥ እንደ ግትር አህያ ወደ ኋላዋ ትላለች።

"እነዚህ ቅሬዎች ማን ሞቶ ነው የመጡት?" አሉ አባቴ።

እንዲህ እየተርገፈገፍን ኬላ ደረስን። አንድ ወጣት ወታደር እጁን አነሳ።

"መኪናዋ ምን ሆና ነው?"

"ጎማዋ አልተካከለም። አባቴ ታመውብኝ ሆስፒታል እየወሰድኳቸው ነው" አልኩት።

አንገቱን አስገብቶ የአባቴን እግር አየ፤ ዘገነነው። ከዚያ ከኋላ አጎቴን፣ ጭናቸው ላይ የተዘረጋውን የዓረብኛ መጽሐፍ አየ። ፊቱ ተለወጠ። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዞረና ባርኔጣውን አወለቀ።

"አባባ፣ ዱአ ያድርጉልኝ። እናቴ በሕይወት መኖሬን አታውቅም።"

አጎቴ መጽሐፉን አዩ። የተከፈተው የአራት ጎማ ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ ነው። እኔን አዩ። አጎቴ ሁለት እጃቸውን ዘረጉና ከልባቸው ዱአ ያዙ፤ "አላህ ከፊትህም ከኋላህም ይጠብቅህ፤ የእናትህን ዓይን ያሳይህ" አሉ። ወታደሩ "አሚን" አለ፣ እኔም "አሚን" አልኩ፣ አባቴም አማትበው "አሜን" አሉ። መንገዱን ከፈተልን።

ራቅ ስንል አባቴ ዞር ብለው "በጎማ ሥዕል ላይ ዱአ አደረግህ?" አሏቸው።

"አላህ ገጹን አይደለም የሚያየው" አሉ አጎቴ።

ሲሪንቃ ልንደርስ ስንል የተቃጠለ የፍሬን ሽታ ገባ። ከዚህ በላይ ብሄድ እሳት ነው፤ ዳር ያዝኩና አቆምኩ። አጎቴ ገጽ በገጽ እያገላበጡ "አራቱም ጎማ እኩል ካልሆነ ሥርዓቱ ይሳሳታል ይላል። ጨንቆህ እንዲህ ከነዳህ የኋላዎቹን ፊውዝ ንቀል ይላል" አሉ። ገባኝ። አጭሩን ጎማ ወደ ኋላ አዛውራለሁ፣ የሚነዱት ፊቶቹ እኩል ይሆናሉ፤ ፊውዙን እነቅላለሁ፣ ኋላዎቹ ዝም ብለው ይከተላሉ፤ ጽናቱም አብሮ ይጠፋል። ቀላል ነው። ግን መንገድ ዳር ተንበርክኬ፣ ክሪክ አስገብቼ፣ ያንን ብሎን ስፈታ ንዴቴ ገነፈለ።

"ያንን ጎማ የወሰደ ሰው እጁ—"

"አትራገሚ" አሉ አባቴ በመስኮት።

"ለምን አልራገም! የሰው እግር እየበሰበሰ?"

"አትራገሚ አልኩሽ እኮ!"

"እራገማለሁ! አይለፍለት! በልቶ አይጥገብ! የዘራው—"

"እኔን ነው እየረገምሽ ያለሽው።"

መፍቻው ከእጄ ወደቀ።

"ማንም አልወሰደውም" አሉ። "ረዳቴ ቤት አልጋ ሥር ነው። 'ልጄ ከመጣች ወስደውታል በላት' ያልኩት እኔ ነኝ።"

"ምን አደረግሁዎ?"

"እኔ በድሮው ጦርነት ጊዜ መንገድ ላይ ነበርኩ" አሉ። "መኪና ሲቃጠል አይቻለሁ፣ ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ። እግሬን ባጣ በምርኩዝ እሄዳለሁ። አንቺን ባጣ በምን እሄዳለሁ?"

ምን ትሉታላችሁ ይህን? ላቅፋቸው ፈለግሁ፣ ላንቃቸውም ፈለግሁ። "አንቱ ሰው አይደሉም!" ብዬ ጮህኩና የያዝኩትን ብሎን ወርውሬ ሳር ውስጥ ጣልኩት። ከዚያ ጎማው ላይ ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። አባቴ በመስኮት ፀጉሬን ይነካሉ፤ አጎቴ በእጅና በጉልበታቸው እየዳሁ "ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ" እያሉ ብሎን ይፈልጋሉ። አገኙት። ለጎማው ወደ ግራና እንዳንመለስ ቀኑ አይበቃንም፤ እግሩም አይጠብቅ። አዛወርኩት፣ ፊውዙን ነቀልኩት፣ ሄድን። መብራቱ ሁሉ ቦግ ብሎ በራ፤ መኪናዋ ግን ዝም ብላ ተራመደች።

ከሲሪንቃ ወዲያ አንድ ድልድይ ተጎድቶ መኪና ሁሉ በወንዙ ውስጥ ነበር የሚያልፈው። ውኃው ቀጭን ነው፤ ዳርና ዳሩ ላይ ያለው ጭቃና አሸዋ ግን ክፉ ነው። ገባሁ። መውጫው ላይ ፊቶቹ ባሉበት መዞር ጀመሩ፤ በዞሩ ቁጥር ይሰምጣሉ። እዚህ ላይ ደግሞ ያ የተጣላሁት አራት እግር ያስፈልገኛል! ፊውዙን መልሼ ሰካሁ፤ ሞተሯን ሳስነሳ ግን የጽናቱ ሥርዓት አብሮ ተነሳ። ነዳጅ ረገጥኩ፤ ሞተሩ "እህህ" ብሎ ታፈነ።

"ጽናቱን አጥፊው!" ጮኹ አጎቴ። "መንፈራገጫው አሁን ነው!"

ቁልፉን ተጫንኩት። አልጠፋም። አባቴ በዝግታ "እጅሽን አታንሺ፤ ጫን እንዳልሽ ቆዪ" አሉኝ። ያቺን መኪና ሰድበው የማይጠግቡት ሰውዬ ቁልፏን መቼ አጠኑት? ጫን ብዬ ቆየሁ፤ መብራቷ ቆመ። "አሁን ነዳጁን አታቋርጪ፤ መሪውን ቀጥ አድርጊ" አሉ። ጎማዎቹ ጭቃ ረጩ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ ከዚያ ከወገባችን በታች የሆነ ነገር ገፋ አደረገን። ኋላዎቹ ያዙ። ዳገቷን እየተንደረደርን ወጣን።

"መጡ" አሉ አባቴ።

አስፋልቱ ላይ ፊውዙን እንደገና ነቅዬ ወልድያ ገባሁ። ሆስፒታሉ ግቢ ሰው በሰው ነው። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ እግሩን ሲያይ ጥርሱን ነከሰ። "ሁለቱ ጣቶች ይቆረጣሉ፤ እግሩ ይተርፋል" አለን። "ብትዘገዩ ግን ከጉልበት በታች ነበር የምቆርጠው።"

አባቴ አሰብ አደረጉና "የቀሩት ሦስቱ ፍሬን ይይዛሉ?" አሉት።

"ይይዛሉ አባባ።"

"እንግዲያው ቁረጥ።"

ቀዶ ጥገናው ደህና ሆነ። በማግሥቱ አራስ ልጅ የታቀፈች ሴት አልጋቸው አጠገብ መጣች። ቤቷ ሲሪንቃ ነው፤ ወልዳ ከወጣች ጀምሮ የሚወስዳት መኪና አጥታ በረንዳ ላይ ነው የምታድረው። "መኪና ያላት ልጅ አለችዎ ሲሉ ሰማሁ" አለቻቸው። እኔ መልሱን አውቄዋለሁ ብዬ ወደ ሌላ አየሁ። ለራሳቸው እግር እንኳን ያላዘዙኝ መንገድ ነው።

አባቴ ሕፃኑን ብዙ አዩት።

"ሂጂ አድርሻት" አሉኝ።

"እኔ?"

"ሌላ ሹፌር አለ እንዴ?" አሉ ተቆጥተው። "ለአስፋልቱ ፊውዙን አውጪ። ወንዙ ላይ መልሺና ቁልፉን አጥፊው። እኩል ጎማ እስኪገባላት አትቸኩዪ።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እጃቸው ብርድ ልብሱን ጨምድዶ እንደያዘ አየሁ፤ ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ።

ሴትዮዋን ቤቷ ደጅ አድርሼ፣ እልልታ ተቀብዬ፣ ተመለስኩ። ኮሪደሩ ላይ ነርሷ ጠበቀችኝ። "የእኚያ ሰውዬ ልጅ አንቺ ነሽ? ነይ ውሰጃቸው! ከሄድሽ ጀምሮ አልጋ ላይ አልረጋ ብለዋል!"

ገባሁ። አባቴ መስኮቱ ጋ ቆመዋል። ያንን የታሸገ እግር መሬት አስረግጠው፣ የመስኮቱን ብረት ይዘው፣ ላብ በላብ ሆነው ወደ ግቢው በር መንገድ ያያሉ።

"አባዬ! አብደዋል እንዴ? ትናንት ተቆርጠው ዛሬ ይቆማሉ?" ብዬ ስጮህ ክፍሉ ውስጥ የተኛ በሽተኛ ሁሉ ነቃ።

"አትጩኺ" አሉ። "ያተረፍሽውን እግር እየሞከርኩት ነው።"

እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። በሕይወታቸው ተደግፈውኝ አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ክብደታቸውን ሁሉ ሰጡኝ። አልጋቸው ላይ አስተኛኋቸው፣ እግራቸውን ትራስ ላይ አደረግሁላቸው።

"መንገዱ እንዴት ነበር?" አሉኝ።

"ደህና ነበር።"

"እህ" አሉና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው።